ሱሉልታ ተዘጋጅቶ ውቅያኖስ ዳር መወዳደር

ረጅሙ ትራያትሎን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ በአንድ ቀን ሳያቋርጡ የሚጨረስበት ውድድር ነው። እኔ እንጀራዬ ይኸው ነው። የምጽፈው በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ ወይም በሰበታ አካባቢ ሆናችሁ ለመሞከር ለምታስቡ ነው። በአገራችን ይህን መንገድ ቀድሞ የሄደ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ሌላ አገር ከአሠልጣኝ አፍ በአንድ ቀን የሚሰማው ነገር እኛ ዘንድ ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው የሚታወቀው። ምሳሌ የማደርገው በደቡብ አፍሪካ ኔልሰን ማንዴላ ቤይ፣ ብዙዎቻችን ፖርት ኤልሳቤጥ በምንላት ከተማ የሚካሄደውን ውድድር ነው። ለዓመታት የአፍሪካ ሻምፒዮና ሆኖ የቆየ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚውለውም መጋቢት ውስጥ ወይም ሚያዝያ መግቢያ ላይ ነው። ለእኛ ይመቻል፤ ከባዱ ልምምድ በበጋ ይወድቃል፣ የሰዓት ልዩነቱም አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከፍታው ሳንባ ይሰጠናል፣ ሩጫም ከልጅነት አብሮን አለ። ከእኛ አካባቢ የሚሄድ ሰው የሚሸነፈው ግን በሳንባ አይደለም። የሚሸነፈው በሆዱ፣ በሙቀቱ፣ በውሃውና አምስት ሰዓት ብስክሌት ላይ አጎንብሶ መቆየት በማይችል ወገቡ ነው። እነዚህን አራቱን የሱሉልታ ሜዳ በራሱ አይሰጥም፤ አስቦ መሥራት ይጠይቃል።

ዋናው ቢያንስ ከሰባት ወር በፊት መጀመር አለበት። ከሩጫ የመጣ ሰው ውሃ ውስጥ እግሩ ይሰምጣል፤ ቁርጭምጭሚቱ ደረቅ ነው፣ ጭንቅላቱን ከውሃ ያወጣል፣ የሰመጠውን እግር ለማንሳት ደግሞ በኃይል ይራገጣል። ትልልቅ የእግር ጡንቻዎች ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ያ ዕዳ ቶሎ አይከፈልም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ርቀት አትቁጠሩ። 25 ሜትር ሃያ ጊዜ፣ በመካከሉ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ዕረፍት፣ ፊት ወደ ታች፣ ትንፋሽ ውሃ ውስጥ ሳይቋረጥ እየወጣ። ከዚያ 100 ሜትር አሥር ጊዜ፣ ከዚያ 400 ሜትር አምስት ጊዜ፤ ወደ መጨረሻ በሳምንት አንድ ቀን ሳትቆሙ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ሜትር። ለገንዳ የወር ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ርዝመቱን ራሳችሁ ለኩ። ብዙ የሆቴል ገንዳዎች አጭር ናቸው፤ ግድግዳውን ቶሎ ቶሎ እየገፉ የተዋኘ 4 ኪሎ ሜትር ባሕር ላይ 4 ኪሎ ሜትር አይሆንም።

ከጥር ወዲህ ቢሾፍቱ መውረድ የግድ ነው። ባቦጋያ፣ ሆራና ኩሪፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ ትንፋሽም ቀለል ይላል። ግን ባቦጋያና ሆራ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ናቸው፤ ከዳር ጥቂት እርምጃ እንደራቁ ጥልቅ ይሆናሉ። ብቻችሁን አትግቡ። ጀልባ ያለው ሰው አብሯችሁ ይቅዘፍ፣ ወገባችሁ ላይ ብርቱካናማ ተንሳፋፊ እሰሩ። በየስምንት ቅዝፊያው ዓይናችሁን ብቻ ከውሃ በላይ አውጥታችሁ አንድ ዛፍ ወይም ሕንፃ ማየት ተለማመዱ፤ ይህን ያልለመደ ሰው በጠመዝማዛ እየሄደ ሁለትና ሦስት መቶ ሜትር ይጨምራል። ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ትከሻ ለትከሻ እየተነካካችሁ ዋኙ፣ ምክንያቱም ውድድሩ ላይ እጅና እግር ፊት ላይ ያርፋል። የላስቲኩን የዋና ልብስ ሐይቅ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ልበሱት። ለአማተሮች ልብሱ የሚፈቀደው የውሃው ሙቀት እስከ 24.5 ዲግሪ ሲሆን ነው፣ ለባለሙያዎች ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ያለ ልብሱም ርቀቱን መዋኘት መቻል አለባችሁ። አንገት ይልጣል፤ ቅባት ስትቀቡ ቫዝሊን አታድርጉ፣ ላስቲኩን ይጎዳል።

ብስክሌቱ ላይ ረዘም ላድርግ፤ ከቀኑ ግማሽ በላይ እዚያ ላይ ነው የሚያልፈው። 180 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት በ35 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው 5 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ያን ሁሉ ጊዜ ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ደረቱን አጎንብሶ መቆየት አለበት። ሲኖ ትራክ፣ ባጃጅ፣ አህያና በግ በሚፈራረቁበት መንገዳችን ግን እጅን ከፍሬን አርቆ አሥር ደቂቃ እንኳ መቆየት አደጋ ነው። መፍትሔው ቤት ውስጥ በትሬነር (ብስክሌቱን ቦታው ላይ አቁሞ በሚያስጋልብ መሣሪያ) ላይ ነው። በ10 ደቂቃ ጀምራችሁ በየሳምንቱ 10 ደቂቃ ጨምሩ፤ ሳትነሡ ሁለት ሰዓት እስክትደርሱ። ኮርቻው ካደነዘዛችሁ አፍንጫውን በአንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ዝቅ አድርጉ፤ አንገት ካመማችሁ የክንድ ማረፊያውን በ1 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጋልቡበት፣ ከዚያ ፍረዱ። ከውድድሩ ስድስት ሳምንት በፊት አቀማመጡ መቆለፍ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የተደረገ ለውጥ ጉልበት ላይ ነው የሚወጣው።

የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ለብስክሌት ዝግ ነው። በአቃቂና በዱከም የሚያልፈው አሮጌው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው፣ አልመክርም። ከሱሉልታ በጫንጮ ወደ ሙከጡሪ፣ ወይም ከለገጣፎ በሰንዳፋ ወደ ሸኖ ያለው ይሻላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱም መኪናውም ይበረታል። የመንገዱን ሰላም በዋዜማው እዚያው ከሚኖር ሰው ወይም ከመስመሩ ሹፌር ጠይቁ። ትንሽ እንኳ ከተጠራጠራችሁ ሱሉልታ ሜዳ ላይ አሥር አሥር ኪሎ ሜትር ዙሩ፤ ይሰለቻል፣ ግን በሰላም ቤት ይገባል። ቀይ የኋላ መብራት በቀንም ይብራ። ውሻ ሲመጣ ለማምለጥ አትሞክሩ፤ ውረዱና ብስክሌቱን በመካከላችሁ አቁሙ።

ከኮርቻው በታች ባለው ቦርሳ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ የእጅ መንፊያ፣ የጎማ ማውጫ፣ የካቴና መቀጠያና ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ 5 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ይኑር። ቁራጩ ጎማው ጎኑ ሲቀደድ ከውስጥ ይደረጋል፤ በመንገዳችን ድንጋይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጎኑ ነው። ከሁሉ በላይ የኋላ ማርሽ መለወጫው የሚታሰርባትን ትንሽ ብረት አስቡ። ብስክሌቱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተርፍ እሷ ትታጠፋለች፣ ደግሞ እያንዳንዱ ብስክሌት የየራሱ ዓይነት አለው። አዲስ አበባ ውስጥ የእናንተን ዓይነት እናገኛለን ብላችሁ አትጠብቁ፤ ብስክሌቱን ስትገዙ አብራችሁ ሁለት እዘዙ። የበጋ አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ካቴናውን ይበላዋል። በየሳምንቱ በነጭ ጋዝ እጠቡት፣ ይድረቅ፣ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉ፣ ከዚያ ከላይ ያለውን በጨርቅ ጥረጉ። ካቴና መለኪያው 0.5 በመቶ መርዘሙን ሲያሳይ ወዲያው ቀይሩት፤ ካለፈ ውዱን የኋላ ጥርስ ይዞ ይሄዳል።

ከፍታን በተመለከተ ብዙዎች የሚያምታቱት ነገር አለ። ሱሉልታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ብስክሌቱ የሚገፋው አየር ቀላል ነው፤ በተመሳሳይ ዋት (ፔዳሉን የምትገፉበት ኃይል መለኪያ) እዚህ የበለጠ ትፈጥናላችሁ። ውቅያኖሱ ዳር አየሩ ይከብዳል፣ ሰውነት ደግሞ ኦክስጅን ስላገኘ ብዙ ዋት ያወጣል። እዚህ የተመዘገበ ፍጥነትም ሆነ የልብ ምት እዚያ ሚዛን አይሆንም። ዋቱን የሚለካውን ፓወር ሜትር ግዙ፤ ገንዘብ ካነሰ ውድ ቸርኬ ይቅርና እሱ ይገዛ። እኔ ብስክሌቱን የምይዘው አንድ ሰዓት ሙሉ ልገፋው ከምችለው ዋት በ75 በመቶ አካባቢ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደር አማተር ከ65 እስከ 70 በመቶ ይበቃዋል። ውቅያኖሱ ዳር የደረሳችሁ ሰሞን ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል። ያ ቀላልነት ነው ሰውን በማራቶኑ 25ኛ ኪሎ ሜትር ላይ የሚያስቀምጠው።

አሁን ወደ ሆድ። ጡንቻና ጉበት ያጠራቀሙት ስኳር በውድድር ፍጥነት ለጥቂት ሰዓት ነው የሚበቃው፤ ቀሪው በአፍ መግባት አለበት። ዒላማው በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ስኳር ነው። በ80 ግራም ብናሰላ ለብስክሌቱ ብቻ 400 ግራም ይሆናል። ይህን ያህል ምግብ እየጋለበ የሚቀበል ሆድ ተወልዶ አይገኝም፣ ይሠለጥናል። በሰዓት በ40 ግራም ጀምሩ፣ በየሁለት ሳምንቱ 10 ግራም ጨምሩ፤ ልምምዱም በረጅሙ ግልቢያ፣ በውድድሩ ጉልበት ይሁን። ቀስ እያሉ ሲጋልቡ ሁሉም ሆድ ይቀበላል፤ ፈተናው ደም ወደ እግር ሲሮጥ ነው።

ከውጭ የሚመጣው ጄል (በትንሽ ከረጢት የታሸገ ወፍራም የስኳር ምግብ) ውድ ነው፤ ለልምምድ ቤት የሚሠራው ይበቃል። ተጣርቶ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ 750 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 60 ግራም ስኳር (አምስት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ)፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ይህ የአንድ ሰዓት ነው። በላዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ብትወስዱ 17 ግራም ያህል ይጨምራል፣ መካከለኛ ሙዝ ደግሞ 25 ግራም አካባቢ። ማር ጥሩ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ በማር ብቻ የዋለ ሆድ ይታወካል፤ በውስጡ የሚበዛውን የፍራፍሬ ስኳር አንጀት በአንድ ጊዜ ብዙ አይቀበለውም። በሶን የምትወዱ ከልምምዱ ሦስት ሰዓት በፊት ጠጡት፤ እየጋለባችሁ ግን አይሆንም፣ ሆድ ላይ ይቆያል። የውሃውን መጠን ለማወቅ ልብስ ሳትለብሱ ተመዘኑ፣ አንድ ሰዓት ሥሩ፣ ላባችሁን አድርቃችሁ እንደገና ተመዘኑ። የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ነው፤ የጠጣችሁትንም ደምሩበት። በሱሉልታ ብርድ የተለካው ውቅያኖሱ ዳር እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በሞቃት ክፍል ውስጥም ለኩ።

ስለ ጾም በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ይህ ውድድር ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። የጾም ምግብ በራሱ ችግር የለውም። ፓስታ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ሱፍ፣ ለውዝ ተደማምሮ በቂ ነው፤ በቀን ለኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን መሙላቱን ብቻ ተቆጣጠሩ። ቢ12 ግን ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው የሚገኘው፣ ስለ ክኒኑ ሐኪም ጠይቁ። የሚከብደው እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ነው። ሰዓቱን የምትጠብቁ ከሆነ ከባዱን ልምምድ ወደ መመገቢያችሁ ሰዓት አስጠጉት፤ በባዶ ሆድ ሌሊት ሠርቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ጡንቻን ይበላል። ጥር ላይ፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በልምምድ ላይ እየበላ ያልጋለበ ሰው በውድድሩ ቀን መብላት አይችልም። ጾሙንም ውድድሩንም በሙሉ ልብ መያዝ ካልተቻለ ከጾም ውጭ የሚውል ሌላ ውድድር መምረጥ ይሻላል፤ ሁለቱንም ማጉደል አያስፈልግም። ኅዳር ላይ ደግሞ የፌሪቲን (የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳይ) የደም ምርመራ አድርጉ። ብረት ሳይለካ ብረት አትዋጡ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ። እኛ ዘንድ ሰው ሲደክመው ክሊኒክ ገብቶ ግሉኮስ ማስንጠልጠል የተለመደ ነው። ለተወዳዳሪ ይህ የዶፒንግ ጥፋት ነው። ግሉኮስ ራሱ የተከለከለ ስላልሆነ ብዙዎች አያምኑም፤ የተከለከለው መንገዱ ነው። በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ፣ በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ጥገና ወይም በምርመራ ምክንያት ካልሆነ በቀር፣ በውድድርም ከውድድር ውጭም አይፈቀድም። የጉንፋን መድኃኒትም ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ አትግዙ፤ አንዳንዱ ውስጥ ያለው ሱዶኤፌድሪን በውድድር ቀን ከመጠን በላይ ከተገኘ ያስቀጣል። ሐኪም ዘንድ ስትገቡ ገና ከመቀመጣችሁ ‘ስፖርተኛ ነኝ፣ እመረመራለሁ’ በሉ።

ስለ ሩጫው ብዙ የምለው የለኝም፤ አካባቢያችን ያውቀዋል። ብቻ የእንጦጦ ጫካና የሱሉልታ ሣር እግርን ያለሰልሳሉ፣ ውድድሩ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ረጅሙን ሩጫ አስፋልት ላይ አድርጉት። በሳምንት አንድ ቀን ከትሬነር እንደወረዳችሁ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ሩጡ። የመጀመሪያዎቹ 2 ኪሎ ሜትሮች ላይ እግር የራስ አይመስልም፤ በዚያ ስሜት ውስጥ ዝግ ማለትን ነው የምትለማመዱት።

ሙቀቱን ለመልመድ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ያስፈልጋል። ገንዘብ ካለ ወደ ውድድሩ ቦታ አሥር ቀን ቀድሞ መግባት ጥሩ ነው፤ ባሕሩንም ሦስትና አራት ጊዜ መዋኘት ይቻላል፣ የሐይቅ ዋና ማዕበል አያስተምርምና። ካልተቻለ ቤት ውስጥ መሥራት ነው። ከልምምድ በኋላ 40 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ እስከ አንገት መንከር፣ ለተከታታይ ቀናት። ገንዳ የሌለው ሰው በተዘጋ ክፍል፣ ሹራብ ደርቦ፣ ያለ ማራገቢያ 45 ደቂቃ ትሬነር ላይ ይሥራ። ሁለቱንም ሰው ቤት ውስጥ ሳይኖር አታድርጉ፤ ራስ ካዞራችሁ ወይም ከቀዘቀዛችሁ ወዲያው ውጡ።

ብስክሌቱን ስታሽጉ የግራው ፔዳል የሚፈታው ከተለመደው በተቃራኒ፣ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ መሆኑን አትርሱ። የኮርቻውን ቁመት በፕላስተር ምልክት አድርጉ። የኋላ ማርሽ መለወጫውን ፈትታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉ፣ በዲስክ ፍሬኑ መሐል ወፍራም ካርቶን አስገቡ፤ አለበለዚያ መንገድ ላይ እጀታው ከተጨበጠ ፒስተኖቹ ይጣበቃሉ። የኤሌክትሪክ ማርሽ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው፤ ጎማ የሚነፋውን ትንሽ የታመቀ ጋዝ ቆርቆሮ ግን አትያዙ፣ እዚያው ግዙ። ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፦ ከሱሉልታ ወደ ባሕር ሲወረድ የውጩ የአየር ግፊት ስለሚጨምር፣ ጎማው ምንም ሳያፈስ በመለኪያ ሩብ ባር ያህል ይቀንሳል። ጎማ የምትነፉት እዚያ፣ በውድድሩ ጠዋት ነው። ከተማዋ በነፋሷ የታወቀች ናት፤ የፊት ቸርኬያችሁ ጎኑ ጥልቅ ከሆነ ቀለል ያለውን ያዙ።

ሰዓት ብዙ ሰው ያሳስታል። የእነሱ ጠዋት 4:30 በእኛ ከሌሊቱ 11:30 ነው። አውሮፕላኑ እንዳረፈ ስልክም የእጅ ሰዓትም በእነሱ ይስተካከል፣ የተጻፈ ወረቀት ሁሉ በእነሱ ይሁን፣ ቤት ደውላችሁ ስታወሩ ብቻ በእኛ ቁጠሩ።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስርና ጥሬ አትክልት ይቅሩ፤ ገለባቸው በውድድሩ ቀን መጸዳጃ ቤት ያቆማል። ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ድንች፣ ማር። በውድድሩ ጠዋት ከመነሻው ሦስት ሰዓት በፊት፣ ለኪሎ ክብደት 2 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት የሚሰጥ ምግብ። ዋዜማ ላይ ሁለት ከረጢት ይሰጣችኋል፣ ሰማያዊው ለብስክሌት፣ ቀዩ ለሩጫ። መነጽር፣ ካልሲ፣ ቁጥር፣ ምግብ በየትኛው እንዳለ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትናገሩ ድረስ አስተካክሉ።

ዋናው ላይ ከእናንተ ትንሽ ከሚፈጥን ሰው እግር ኋላ ቅዘፉ፣ ውሃ ውስጥ ይፈቀዳል። ብስክሌት ላይ ግን ክልክል ነው፤ ከፊተኛው ሰው 12 ሜትር መራቅ አለባችሁ፣ ስታልፉም በ25 ሰከንድ ውስጥ መጨረስ። ከተያዛችሁ 5 ደቂቃ ቆማችሁ ታሳልፋላችሁ። የራስ ቁሩ ብስክሌቱ ከመነካቱ በፊት ይቆለፍ፣ ብስክሌቱ ቦታው ተሰቅሎ ሳያበቃ አይፈታ። ከተፈቀደው ቦታ ውጭ የጣላችሁት የጄል ወረቀት ያስቀጣል፣ የዘመድ ውሃ መቀበልም እንዲሁ። የመጀመሪያዎቹን 60 ኪሎ ሜትሮች ሌላው ሲያልፋችሁ ዝም በሉ። ሰዓታችሁ በየ15 ደቂቃው ይጩህ፤ በጮኸ ቁጥር ሁለት ጉርሻ መጠጥ፣ ረሃብም ጥማትም ሳይጠበቅ።

ሩጫው ላይ በየውሃ ጣቢያው አሥር እርምጃ በእግር እየሄዳችሁ ጠጡ፣ በረዶ ቆብ ውስጥ ክተቱ። ንጹሕ ውሃ ብቻ እየደጋገሙ መጠጣት ያለ ጨው አደገኛ ነው። ጣቶች ካበጡ፣ ቀለበት ከጠበበ፣ ሆድ ውስጥ ውሃው ከተንጓጓ፣ ራስ ምታትና መደናገር ከመጣ፣ ተጨማሪ ውሃ አትጠጡ፤ ወደ ሕክምናው ድንኳን ግቡ። ያ ምልክት የውሃ ጥማት ሳይሆን ውሃ በዝቶ በደም ውስጥ ያለው ጨው መቅጠኑ ነው፣ ሕይወትም ያጠፋል።

እንደጨረሳችሁ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጨው ያለው ሾርባና ዳቦ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መራመድ። በሚቀጥለው ቀን አትብረሩ፤ ቢያንስ አንድ ቀን አርፋችሁ፣ አውሮፕላን ላይ በየሰዓቱ እየተነሣችሁ። ለሁለት ሳምንት ሩጫ የለም። ብስክሌቱን ግን ለነገ አታሳድሩት፤ የባሕር ጨው ቡሎኖቹንና የመሪውን ኩሽኔታ ይዝጋቸዋል። ከመታሸጉ በፊት በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ፣ ካቴናው ዘይት ይቀባ፤ ሱሉልታ ስትደርሱ ደግሞ መሪውን ፈትታችሁ ኩሽኔታውን በአዲስ ግራሶ ሙሉት።